ለፌዛንት የትኛውን ጥይት ልያዝ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ሰላም ጋሼ። የምኖረው ሱ ፎልስ፣ ሳውዝ ዳኮታ ነው። የሥራ ጓደኞቼ ኦክቶበር ላይ ፌዛንት የሚባለውን ወፍ ለማደን እንሂድ ብለውኛል። ባለ 12 ጌጅ ፓምፕ ሾትጋን ገዛሁ። ጥይት ልገዛ ስሄድ ግን ግድግዳው ሙሉ ካርቶን ነው፤ ቁጥሩ ሁሉ ዞረብኝ። ሻጩ ‹ትልቁን ማግነም ውሰድ፣ አትሳሳትም› አለኝ። እውነት ነው? በጥይቱ ውስጥ ያለው ፍሬ እርሳስ ቢሆን ይሻላል ወይስ ብረት? በዚያው ጥይትስ ጥንቸል መምታት ይቻላል?»

ወንድሜ፣ ከማግነሙ፣ ከኃይለኛው ጥይት ልጀምር። ተወው። ሻጩ ክፉ አላሰበም፤ ግን ለጀማሪ የሚመከር ነገር አይደለም። ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

በመጀመሪያ ግን እንኳን ደስ ያለህ። ያለህበት ግዛት የፌዛንት አገር ነው። ወፉ ራሱ መጤ ነው፤ ዘሩ ከቻይና ነው። በ1908 እና 1909 ገደማ (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርህ) ስፒንክ ካውንቲ ውስጥ ተለቀቀ፣ ተራባ፣ በ1919 የመጀመሪያው የአደን ወቅት ተከፈተለት። በ1943 ደግሞ የግዛቱ ወፍ ተባለ። እንግድነቱን ማንም አያስታውስም። አገር ቤት ቆቅና ጅግራ ሲነሳ አይተህ ከሆነ አነሳሱ አዲስ አይሆንብህም። እግርህ ሥር ተደብቆ ይቆይና ድንገት እየጮኸ ሽቅብ ይነሳል። የሚመታው ወንዱ ብቻ ነው። ነጭ ቀለበት አንገቱ ላይ ያለው፣ ጭራው የረዘመው። ቡናማዋ ሴት አትነካም።

አሁን ወደ ጥይቱ። ሰው ሁሉ የሚጀምረው «ስንት ቁጥር?» ብሎ ነው። እኔ ግን ባንኮኒ ላይ ስቆም መጀመሪያ የምጠይቀው «የት ነው የምታድነው?» ብዬ ነው። ጓደኞችህን ዛሬውኑ ደውለህ ጠይቃቸው። የገበሬ የግል መሬት ላይ ከሆነ እርሳስ ይፈቀዳል። የፌዴራል መንግሥት ለዳክዬ መራቢያ ብሎ የያዘው መሬት ላይ ከሆነ ግን እርሳስ ክልክል ነው። የምታድነው ዳክዬ ሳይሆን ፌዛንት ነው ብትልም ለውጥ የለውም። መተኮስ ብቻም አይደለም፤ ሜዳው ላይ የእርሳስ ጥይት ኪስህ ውስጥ መገኘቱ በራሱ ያስቀጣል። ግዛቱ ከሚያስተዳድራቸው የአደን መሬቶችም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው። የግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የሚያወጣው መመሪያና ካርታ አለ፤ ስልክህ ላይ ጫነው።

ክልከላው የመጣው ዝም ብሎ አይደለም። ወፎች እህሉን ለመፍጨት እንዲረዳቸው ጠጠር ይውጣሉ። ጭቃ ውስጥ የወደቀችውን የእርሳስ ፍሬ ጠጠር መስላቸው ይለቅሟታል፣ ይመረዛሉ። ለዚህ ነው በመላው አሜሪካ ለዳክዬና ለዝይ አደን እርሳስ በ1991 የቀረው። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ ከጁላይ 2019 ጀምሮ ለማንኛውም አደን እርሳስ አይቻልም። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ያላችሁም ከፌብሩዋሪ 2023 ወዲህ ረግረጋማ ቦታና አካባቢው ላይ ክልክል እንደሆነ አትርሱ።

እርግጠኛ ካልሆንክ ብረት ግዛ። ብረት የትም አያስከለክልህም።

ካርቶኑን እናንብብ። ጫፉ ላይ የቁጥር ረድፍ ታያለህ። ለምሳሌ 12፣ 2¾፣ 1¼፣ 5። ሌላው ጌጥ ነው፤ የሚበር ወፍ ሥዕል፣ እሳት፣ መብረቅ። አራቱን ቁጥር ብቻ እይ።

12 ጌጁ ነው። አንድ ፓውንድ እርሳስ እኩል 12 ድቡልቡል ቢደረግ አንዱ ድቡልቡል በቱቦህ ልክ ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር ቱቦው ይጠባል። 20 ጌጅ ከ12 ቀጭን ነው።

2¾ የቀለሁ ርዝመት ነው፣ በኢንች። እዚህ ጋ ቆም በል። ርዝመቱ የሚለካው ከተተኮሰ በኋላ፣ የታጠፈው አፉ ተከፍቶ ነው። ስለዚህ ባለ 3 ኢንች ጥይት ለ2¾ የተሠራ ማጉረሻ ውስጥ ሳይቸገር ሊገባ ይችላል። ገባ ማለት ግን ልኩ ነው ማለት አይደለም። ሲተኮስ አፉ የሚከፈትበት ቦታ ያጣል፣ ግፊቱ ከሚገባው በላይ ይወጣል። የጠመንጃህ ቱቦ ላይ የሚችለው ርዝመት ተቀርጿል። እዚያ ላይ ከተጻፈው በላይ አታጉርስ። ያንተ አዲስ ፓምፕ ከሆነ ምናልባት 3 ኢንች ይላል። 2¾ እዚያ ውስጥ ምንም ችግር የለበትም።

1¼ የፍሬዎቹ ጠቅላላ ክብደት ነው፣ በኦንስ። ወደ 35 ግራም ይመጣል።

5 የእያንዳንዷ ፍሬ መጠን ነው። ይህም ተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ፍሬዋ ትተልቃለች። አንድ ዘዴ ልንገርህ። ከ17 ላይ ቁጥሩን ቀንስ፤ የፍሬዋን ስፋት በኢንች መቶኛ ይሰጥሃል። 17 ሲቀነስ 5፣ 12። ማለትም 0.12 ኢንች፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ። 9 ቁጥር ከሁለት ሚሊ ሜትር ፈቅ አይልም። ካርቶን በርቀት እያየህ ይህን በቃልህ ማስላት ትችላለህ።

ጥይቱን ከላይ እስከ ታች ቀደው ያሳዩኝ ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። (አንተ ቤት ውስጥ አትሞክረው።) ታች ነሐስ መልክ ያለው ቂጥ፣ መሐሉ ላይ መርፌው የሚመታት ክብ አለች። ከዚያ ትንሽ ባሩድ፤ «ይሄ ብቻ?» የሚያሰኝ ያህል ጥቂት። ከባሩዱ በላይ እንደ ትንሽ ሲኒ ያለ ፕላስቲክ፣ ጎኑ የተሰነጠቀ። ፍሬዎቹ የተቀመጡት እሱ ውስጥ ነው። ሲተኮስ ሲኒው ፍሬዎቹን ተሸክሞ ይወጣና አየር ሲያገኘው ተከፍቶ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ፍሬዎቹ ይቀጥላሉ። ቀለሁ ላይ ያለው ብረት ከፍ ያለ ከሆነ ኃይለኛ ነው የሚሉህ ሰዎች የድሮ ወሬ ነው የሚያወሩት። ዛሬ የብረቱ ከፍታ ስለ ኃይሉ የሚነግርህ ነገር ብዙም የለም።

ታዲያ ለፌዛንት የቱ? እርሳስ በሚፈቀድበት መሬት፦ 2¾ ኢንች፣ 1¼ ኦንስ፣ 5 ቁጥር። አንድ ብቻ ምረጥ ካልከኝ ይኼ ነው። ውስጡ ወደ 210 ፍሬ አለ። 6 ቁጥር ብታደርገው ወደ 280 ፍሬ ታገኛለህ፤ ኦክቶበር ላይ ውሻ አግኝቶት ቅርብ ለሚነሳ ወፍ በጣም ጥሩ ነው። ዲሴምበር ላይ ግን ወፉ ብልጥ ሆኗል፣ የመኪና በር ሲዘጋ ሰምቶ ይነሳል። ያኔ ርቀቱ 40 ያርድ (36 ሜትር ገደማ) ይሆናል፤ ላባውም ወፍራም ነው። ለዚያ 5 ወይም 4። ከ4 ቁጥር ወደሚተልቅ ፍሬ ካለፍክ የፍሬው ብዛት ያንስና በመሐል ክፍተቱ ይበዛል።

ሚዛኑ ይኼ ነው ነገሩ ሁሉ። ትልቅ ፍሬ ጠልቆ ይገባል፣ ግን ብዛቱ ትንሽ ነው። ትንሽ ፍሬ ብዙ ነው፣ ግን ጥልቅ አይገባም። ለጅግራ የሚያህል ሰውነት፣ ለዚያውም ለጠንካራ ክንፍ፣ 7½ ይዘው የሚወጡ ሰዎች አሉ። ቅርብ ከሆነ ይወድቃል። ራቅ ካለ ቆስሎ ሣር ውስጥ ይሮጣል፣ አይገኝም። ይኼ ነው የሚያናድደኝ። የቆሰለ ፌዛንት ሩጫውን አታውቀውም፤ ያለ ውሻ እርሳው።

ለብረት ሲሆን ስሌቱ ይለወጣል። እርሳስ ከብረት በጣም ይከብዳል፤ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር እርሳስ 11.3 ግራም፣ ብረት 7.8 ገደማ። ቀላል ነገር በአየር ላይ ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ በብረት ስትገዛ ሁለት ቁጥር ወደ ትልቁ ውረድ። እርሳስ 5 የምትል ከሆነ ብረት 3። እኔ ለፌዛንት ብረት 2 ወይም 3 እላለሁ፣ 1⅛ ኦንስ። ቀላል በመሆኑ ምክንያት የብረት ፍሬ ለተመሳሳይ ክብደት ብዛቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ትልቅ ፍሬ መያዝህ ያን ያህል አያጎድልብህም። በብረት ላይ ፍጥነት ትንሽ ይረዳል፤ በሰከንድ ከ1400 ጫማ በላይ የሚለውን ብትወስድ ክፉ አይደለም። እንደ አጋጣሚ 3 ኢንቹን የምፈቅድልህ እዚህ ጋ ብቻ ነው፣ ጠመንጃህ ላይ ከተጻፈ።

ከብረትና ከእርሳስ መሐል ቢስሙዝ አለ። ክብደቱ ወደ እርሳስ ይጠጋል፣ ለስላሳ ነው፣ መርዝ የለበትም። ዋጋው ነው ችግሩ፤ ኪስ ይገለብጣል። አያቱ ያወረሱትን አሮጌ ባለ ሁለት አፈሙዝ ይዞ ለሚመጣ ሰው ግን እርሳስ በተከለከለበት መሬት ላይ ዋነኛው ምርጫ ነው። እነዚያ ቱቦዎች ለጠንካራ ብረት አልተሠሩም፤ ጠባብ አፈሙዛቸው ይበላሻል። ያንተ አዲስ ስለሆነ አያሳስብህ።

አሁን ወደ ማግነሙ ልመለስ። ማግነም ማለት በአጭሩ ብዙ ፍሬ ወይም ብዙ ባሩድ ማለት ነው። የሚጨምርልህ ነገር አለ፣ የሚያስከፍልህም አለ። ጠመንጃው ይራገጣል። ሁለተኛው ካርቶን ላይ ስትደርስ ትከሻህ ያውቀዋል፤ ቃታውን ከመሳብህ በፊት ዓይንህ መጨፈን ይጀምራል። ያ ልማድ አንዴ ከያዘህ ለመልቀቅ ስንት ወር ይፈጃል። ድቡልቡል ፍሬ ደግሞ አየር ውስጥ ፍጥነቱን ቶሎ ነው የሚጥለው። በበለጠ ፍጥነት የወጣ በበለጠ ይጥላል። አፈሙዙ ላይ የነበረው ትልቅ ልዩነት 40 ያርድ ላይ ሲደርስ ጥቂት ሆኖ ታገኘዋለህ። ለዚያች ጥቂት ብለህ ትከሻህን አትሸጥም።

ቾክ የሚባለውን ነገር አልጠየቅከኝም፤ ግን ያለሱ ጥይቱ ብቻውን ምንም ነው። ቾክ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለች ጥበት ናት። ከጠመንጃህ ጋር በትንሽ ሳጥን የተሰጡህ ጥርስ ያላቸው ቀለበቶች አሉ አይደል? እነሱ ናቸው። የቆየው ልኬት እንዲህ ይሄዳል፦ 40 ያርድ ላይ 30 ኢንች ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር 50 በመቶ ፍሬ ይከታል፣ ሞዲፋይድ 60፣ ፉል 70። ለኦክቶበር ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር ይበቃሃል። ለዲሴምበር ሞዲፋይድ። ብረት ከሆነ ደግሞ አይጨመደድም፤ ስለዚህ ተሰብስቦ ነው የሚሄደው። በሞዲፋይድ የተተኮሰ ብረት እንደ ፉል ይሰበሰባል። ብረትን በፉል አትተኩስ።

ይሄ ሁሉ ግን ወረቀት ላይ ካልታየ ወሬ ነው። ሁለት ጠመንጃ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን ወጥተው ያንኑ ጥይት በተለያየ መንገድ ይበትናሉ። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ካርቶን ግዛ፣ የተለያየ ፋብሪካ፣ ተመሳሳይ ቁጥር። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን ወረቀት ስቀል። የሥጋ መጠቅለያው ጥቅል ወረቀት በደንብ ይሠራል። መሐሉ ላይ ነጥብ አድርግ። 30 ያርድ ላይ ቁም፣ ምክንያቱም የምትተኩሰው እዚያ አካባቢ ነው። አንድ ጊዜ ተኩስ። ክቡን አስቀድመህ አትሣል፤ ከተኮስክ በኋላ ቀዳዳው የበዛበት ቦታ ዙሪያ 30 ኢንች ክብ አድርግ። ከዚያ ቁጠር፣ ግን ከመቁጠር በላይ ክፍተቱን እይ። መዳፍህን ወረቀቱ ላይ አዘዋውር። መዳፍህ ያለ ምንም ቀዳዳ የሚያርፍበት ቦታ ከበዛ ወፉም እዚያ ያልፋል። ደግሞ የቀዳዳዎቹ መሐል ካነጣጠርክበት ነጥብ ጋ ነው ወይስ ወደ ግራ ሸሽቷል? ብዙ ሰው ጠመንጃው እሱ ከሚያይበት ቦታ ሌላ ጋ እንደሚመታ ሳያውቅ ዓመታት ያድናል። በየጥይቱ ሦስት አራት ወረቀት አድርግ፤ አንድ ወረቀት ይዋሻል።

ልብ በል፣ የሸክላ ኢላማ የሚተኮስባቸው ክለቦች አብዛኞቹ ከ7½ የሚተልቅ ፍሬ አያስገቡም። 5 ቁጥርህን ይዘህ ሄደህ እንዳትመለስ መጀመሪያ ደውል። ለሸክላው ልምምድ ርካሹን 7½ ወይም 8 ግዛ፤ እሱን በብዛት ተኩስ። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ሰው ፌዛንት የሚስተው በጥይቱ ምክንያት ሳይሆን ከኋላው ስለሚተኩስ ነው። ዓይን ጭራው ላይ ያርፋል። አንተ አንገቱን፣ ነጯን ቀለበት እይ።

ጥንቃቄውን ሁለት ነገር ላይ ብቻ ላተኩር። አንደኛ፣ 20 ጌጅ ጥይት ከ12 ጌጅ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ አይቀመጥም። 20ው 12 ቱቦ ውስጥ ተንሸራቶ ይገባና መሐል መንገድ ላይ ይቆማል፣ አይታይህም። አልተኮሰም ብለህ ከኋላው 12 ታጎርሳለህ። ከዚያ ቱቦው ይፈነዳል። የ20 ጌጅ ቀለህ ቢጫ የሚደረገው ለዚህ ነው። የጓደኛህን ሰደርያ ተውሰህ ከሆነ ኪሱን ሁሉ ገልብጠህ አራግፍ። ሁለተኛ፣ ፌዛንት በቡድን ሲታደን ከፊሉ የበቆሎውን ማሳ እያቋረጠ ይመጣል፣ ከፊሉ ጫፍ ላይ ይጠብቃል። ፊት ለፊትህ ሰው አለ ማለት ነው። 5 ቁጥር ፍሬ ከ250 ያርድ በላይ ሊጓዝ ይችላል። ከወፉ በስተጀርባ ሰማይ ካላየህ አትተኩስ። ብርቱካናማ ኮፍያና ሰደርያ ልበስ፣ ግዴታ ነው አይደለም ብለህ አትከራከር።

ይህን ማንም አይነግርህምና እኔ ልንገርህ፤ የኛ ሰው ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ይሰናከላል። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለህ ከሆነ በዚህ በኩል ችግር የለም። በጊዜያዊ ቪዛ ያለህ ከሆነ ግን በፌዴራል ሕግ ጠመንጃም ሆነ ጥይት መያዝ በመርሕ ክልክል ነው፤ የጸና የአደን ፈቃድ ካለህ የተለየ አንቀጽ አለ። ጉዳይህ በሒደት ላይ ከሆነ ለጠበቃ ሳትደውል አንድ ጥይት እንኳ አትግዛ። ሌላው የሻንጣ ነገር ነው። ወደ አገር ቤት ስትሄድ የአደን ጃኬትህን ይዘህ አትሂድ። ኪስ ውስጥ የቀረች አንዲት ጥይት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ምን እንደምታስከትል አንተም ታውቀዋለህ፤ እኛ አገር የ2012ቱ (ይኼኛው በኛ አቆጣጠር ነው) የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 ቀልድ አያውቅም።

ሥጋውን በተመለከተ፣ ፍሬ ያረፈበትን ቦታ በዙሪያው ቆርጠህ ጣል፣ በተለይ እርሳስ ከሆነና ልጆች የሚበሉት ከሆነ። ብረት ከሆነ ቀላል ነው፤ ጠንካራ ማግኔት በሥጋው ላይ አዙር፣ ትስበዋለች። ሳይፈለግ የቀረ ብረት ጥርስ ይሰብራል። ወጥ ልትሠራው ካሰብክ ፌዛንት ስብ የለውም፣ ደረቱ ቶሎ ይደርቃል። እግሩን ቀድመህ ክተት፣ ደረቱን መጨረሻ ላይ። ባርኮ ያላረደውን የማይቀምስ ሰው ቤትህ ካለ ከምድጃው በፊት ንገረው።

ጥንቸሉስ? ይቻላል። 5 ቁጥርህ ጥንቸል ይጥላል፤ ቅርብ ከሆነ ግን ሥጋው የሚበላ አይሆንም። ጥንቸል ብቻ ልታድን ከወጣህ 6 ቁጥር፣ 1 ኦንስ፣ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር፤ ከፊት ከፊቱ ወደ ጭንቅላቱ አነጣጥር። መብላቱን ለአንተ እተዋለሁ፤ በኦርቶዶክስ ቤት ያደግን ብዙዎቻችን አንነካውም፣ ሥራ ቦታ ግን ደስ ብሎት የሚወስድልህ አታጣም። ከፌዛንት ቡድን ጋር ሆነህ ጥንቸል ቢነሳ ግን ተወው። ጥንቸል ሲተኮስ አፈሙዙ ወደ መሬት ነው፣ ውሻው ደግሞ ሁሌም ከጥንቸሉ ኋላ ነው። ጃንዋሪ ላይ መሬቱ በረዶ ሆኖ ሲደነድን ብረት ፍሬ ነጥሮ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አይተነብይም። ያኔ ለጥንቸል ከወጣህ የግል መሬት ላይ፣ በእርሳስ፣ ብቻህን ወይም ከአንድ ሰው ጋር ጎን ለጎን እየተራመድክ ይሁን።